በሬ የሌለው ርስት

ከሥራ ገብቼ ቡና እንኳ ሳላፈላ ተቀምጫለሁ። የእህቴ ልጅ ጠዋት በስልክ ያሰማኝ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ለአዲሱ ኩባንያው ገንዘብ ይሰጣሉ የተባሉት ኢንቨስተሮች አሁንም «የፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) ነገር ይጥራና እንነጋገራለን» ብለውታል። ገና ክስ እንኳ አልተመሠረተበትም፤ ይህን ሁሉ ያመጣው፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ድርጅት «ፓተንቴን ጥሰሃል» ብሎ በጠበቃው በኩል የላከለት ባለ ሁለት ገጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

እኔ እንደሚገባኝ ባለገንዘቦቹን የሚያሳስባቸው የልጁ መረታት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፓተንት ክርክር የረታውም ወገን አብዛኛውን ጊዜ የጠበቃውን ሒሳብ ከራሱ ኪስ ስለሚከፍል፣ ለፕሮግራመር ደመወዝ ይሁን ብለው የሚሰጡት ገንዘብ በጠበቃ ሰዓት ተቆጥሮ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። በማሳቹሴትስ፣ ስልክ የሰውን ንግግር እንዲረዳ የሚያደርግ ሶፍትዌር ይሠራ የነበረው ቭሊንጎ የደረሰበት ይኸው ነው። የዘርፉ ጉልበተኛ የነበረው ኑዋንስ በ2008 ከሰሰው፤ በ2011 ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ለቭሊንጎ ፈረደ። ይሁን እንጂ ለክርክሩ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ፣ ሌሎች ክሶችም ገና ተሰልፈው ይጠብቁት ስለነበር፣ ዓመቱ ሳያልቅ ራሱን ለዚያው ለከሳሹ ለመሸጥ ተስማማ።

አያቴም በርስት ክርክር እንዲሁ ነበሩ። ከወረዳ አውራጃ ሲመላለሱ ጥማድ በሬያቸውን ለነገረ ፈጅና ለስንቅ ሸጠው፣ በስተመጨረሻ ረቱ። የፍርዱን ወረቀት በቀርከሃ ከተው ምሰሶው ላይ እንደሰቀሉት እናቴ ደጋግማ ትነግረን ነበር። በዚያ ክረምት መሬቱን በእኩል ያረሰው ግን ተረቺው ነው፤ በሬ ያለው እሱ ነበራ!

ልጁ ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ባለፈው እሑድ እቁብ እንደወጣልኝ ሰምቷል፤ ኩባንያውን ሊያቋቁም ሲነሣም «የመጀመሪያዋ ባለአክሲዮን እኔ ነኝ» ብዬ በሰው ፊት ፎክሬያለሁ። ባለገንዘቦቹን በሆዴ ፈሪ እያልኩ ስሰድብ አምሽቼ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፍቼዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ምን ልበለው፤ «ይጥራና እንነጋገራለን»?