የቫይራ ቋንቋ

ሰሞኑን የቫይራ ቪኬ-ፍሬይቤርጋን ታሪክ ሳነብ ነው የከረምኩት። ከ1999 እስከ 2007 የላትቪያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) አገራቸውን ኔቶና አውሮፓ ኅብረት ያስገቡ ሴት ተብለው ይወደሳሉ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያሳለፉት ስደት ነው።

በ1937 ሪጋ ተወለዱ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል የሶቪየት ጦር መጣ፤ ቤተሰቡም በመርከብ ወደ ጀርመን ሸሸ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሕፃን እህታቸው ስደቱን አልቻለችውም፣ ሞተች። ከጀርመን ሞሮኮ፣ ከሞሮኮ ደግሞ በ1954 ቶሮንቶ ገቡ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ቀን ባንክ ቤት እየሠሩ ማታ ማታ ተማሩ። እዚሁ ቶሮንቶ ለምንኖር ሐበሾች ይህ ኑሮ አዲስ አይደለም። ስንቱን ጓደኛዬን አስታወሰኝ።

በኋላ ሞንትሪያል ውስጥ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በፈረንሳይኛ አስተማሩ። በጎን ግን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ላትቪያውያን ዳይና የሚሏቸው አጫጭር የሕዝብ ግጥሞች አሏቸው፣ አብዛኞቹ ባለ አራት ስንኝ። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የሚባል ሰው ከ200 ሺህ በላይ ሰብስቦ አሳትሟል። ቫይራ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ስለ ፀሐይ የሚናገሩትን ለይተው ኮምፒዩተር ላይ አስገቡ፤ ያውም ላትቪያ በሶቪየት እጅ ሳለች። አገሩ በካርታ ላይ የለም፣ እሳቸው ግጥሙን ይቆጥራሉ! ይሄ ነገር ልቤን ይነካዋል። ልጆቼን አማርኛ ሳስተምር ምን ያደርግላቸዋል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንግዲህ እሳቸውንም ስንት ሰው እንዲህ ብሏቸው ይሆን?

ላትቪያ በ1991 ነፃነቷን መልሳ አገኘች። እሳቸው በ1998 ጡረታ ወጥተው ተመለሱ። በዓመቱ ፓርላማው ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ተሰብስቦ በዕጩዎቹ መስማማት ስላቃተው ከፓርቲ ነፃ የሆኑትን እሳቸውን መረጠ። የካናዳ ዜግነታቸውንም ተዉ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ ያደረጉት ነው። ፓርላማው አዲስ የቋንቋ ሕግ አጽድቆ ነበር። ሕጉ ላትቪያኛን የግል ድርጅቶች ውስጥ ሳይቀር የሚያስገድድ ነው። በአገሩ ደግሞ ሩሲያኛ ተናጋሪው ብዙ ነው፤ ዜግነት ያላገኘውም እንደዚያው። ዕድሜ ልካቸውን ቋንቋውን በባዕድ አገር ያቆዩት ሴት ያለ ጥያቄ ይፈርማሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሳቸው ግን ይስተካከል ብለው መለሱት። አውሮፓም ሕጉን ስትነቅፍ ነበር፣ እሱን አልክድም። ቢሆንም ከእሳቸው እጅ መመለሱ ለእኔ የተለየ ክብደት አለው፤ ቋንቋውን አይወዱም ሊላቸው የሚደፍር አልነበረማ።

ሕጉ ተሻሽሎ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጸደቀ። በ2003 ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ከ96 ድምፅ 88ቱን አገኙ።