አንቀጽ 105ን ካነበብኩ በኋላ

ሰሞኑን እኛ ቤት የሚነሳው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሕገ መንግሥቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ታናሽ ወንድሜ የብሔሮችን ራስን በራስ የመወሰን እስከ መገንጠል መብት የያዘው አንቀጽ 39 ይሰረዝ ይላል፣ በአባቷ ሲዳማ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እሱ ከተሰረዘ እኛ በምን ዋስትና ነው የምንኖረው ትለዋለች። ማን ነው የሚሰርዘው፣ እንዴት ነው የሚሰረዘው የሚለውን ግን ማናችንም አናነሳም። ስለዚህ ፒዲኤፉን ስልኬ ላይ አውርጄ መጨረሻ አካባቢ ያሉትን፣ ስለ ማሻሻል የሚናገሩትን 104 እና 105 ደጋግሜ አነበብኳቸው።

ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ያለው በሙሉ፣ ሰብአዊ መብቶቹ በለው፣ 39 በለው፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው 40 በለው፣ እንዲሻሻል ከተፈለገ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ፣ በዛ ላይ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ሁሉም! አንዱ እምቢ ካለ አለቀ። 104 እና 105 ራሳቸውም እዚሁ ውስጥ ስለገቡ ሥርዓቱን እናቅልለው ቢባል እንኳን ያው ሁሉም ክልል መስማማት አለበት።

ያስደነገጠኝ ሒሳቡ ነው። ኅዳር 1987 ሲጸድቅ ክልሎቹ 9 ነበሩ፣ ሲዳማ በ2012 ወጣ፣ ከዛ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዛ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፈለ፣ አሁን 12 ሆነዋል። እያንዳንዱ አዲስ ክልል በሩ ላይ አንድ ቁልፍ ጨመረ ማለት ነው።

የአክስቴን ልጅ ስጋት ግን አቃልዬ ማየት አልችልም። ሲዳማ ክልል የሆነበት ሬፈረንደም ከመምጣቱ በፊት ሐምሌ 2011 ላይ ሰው ሞቷል፣ ደግሞ 39 ውስጥ ያለው መገንጠል ብቻ አይደለም፣ በቋንቋ መጠቀምና ራስን ማስተዳደርም እዛው ነው። የበፊቶቹን ሕገ መንግሥቶች ብናይ ንጉሡ በ1923 ራሳቸው ሰጡ፣ በ1948 ራሳቸው አሻሻሉ፣ ደርግ በ1967 አገደው፣ እሱም በ1979 ያጸደቀው በ1983 አብሮት ወደቀ። ይሄን ያየ ሰው ጠበቅ ያለ ዋስትና ቢፈልግ አይፈረድበትም።

የሚያሳስበኝ ማሻሻል የምንችለውንም አለማሻሻላችን ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫ አይካሄድም ሲባል ከቀረቡት አራት አማራጮች አንዱ ማሻሻል ነበር። የአምስት ዓመቱን ዘመን የሚወስነው 58 ከምዕራፍ ሦስት ውጪ ስለሆነ ከክልሎቹ ሁለት ሦስተኛው ይበቃ ነበር፣ የተመረጠው ግን ያለውን ሕገ መንግሥት መተርጎም ሆነ። የትርጉም ጥያቄውን ያየውን የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ውይይት በቲቪ ላይቭ ስከታተል ምሁራኑ እንደዛ በግልጽ ሲከራከሩ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ሕዝብ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም፣ ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው እንዲራዘም ወሰነ፣ ትግራይ አልቀበልም ብላ ጳጉሜን ላይ የራሷን ምርጫ አደረገች፣ ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነት። ጦርነቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም። ግን ያኔ ረጅሙን መንገድ ሄደን ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ወንድሜን ከ39 በፊት የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዘመን እንይ አልኩት። ፕሬዝዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም ተብሎ ተጽፏል፣ ዋናው ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ምንም ገደብ የለውም። ይሄን ለማስተካከል ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከ12ቱ ክልሎች ደግሞ 8ቱ ከደገፉት ይበቃል። የአክስቴ ልጅም በዚህ አትቃወምም፣ ወንድሜም አይቃወምም፣ እንደዚህ አይነት የሚያስማማ ነገር አንድ ጊዜ እንኳን በሥርዓቱ ብናሻሽል ስለ 39 ለመነጋገርም የምንተማመን ይመስለኛል።

104 ደግሞ የማሻሻያው ሐሳብ ለመላው ሕዝብ ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል ይላል፣ ሕዝቡ በምን መንገድ እንደሚወስን ግን አልተዘረዘረም። በየወረዳው አዳራሽ ሰብስቦ እጅ ማስወጣት እንዳይሆን እፈራለሁ። ሲዳማ ላይ ሻፌታ (ክልል እንሁን) ወይስ ጎጆ (ደቡብ ውስጥ እንቆይ) ተብሎ ሰው በሰላም ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቷል፣ እኔም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን እንደዛ ተሰልፌ ድምፅ መስጠት ነው የምፈልገው።