ፕላምፒ ነት ከመስጠቴ በፊት የማያቸው ነገሮች

ኤአርቲ (የኤች አይ ቪ ሕክምና) ክሊኒክ ውስጥ ፕላምፒ ነት በተባለው፣ ለምግብ እጥረት በሚሰጠው የኦቾሎኒ ለጥፍ የምግብ ድጋፍ ስጀምር ቀድሜ የማየው ሚዛኑን ነው። ባዶውን ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ጫማ፣ ጋቢና ጃኬት ይወልቃል፣ ኪስም ይራገፋል። ነገር ማክረር ይመስላል፤ ቁጥሩን ግን እንየው። 43 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1.62 ሜትር የሆነ ሰው ክብደቱ በቁመቱ ሁለት ጊዜ ሲካፈል 16.4 ይመጣል፤ መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው። ጫማው ቁመቱ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር 15.8 ይሆንና ከባድ ተብሎ ይመዘገባል። ጋቢና ጃኬቱ 2 ኪሎ ቢጨምሩ ደግሞ 17.1 ይሆንና ቀላል ተብሎ ይሸኛል። ነፍሰ ጡርን በዚህ ስሌት አልመድብም፤ የክንዷን ዙሪያ እለካለሁ።

ቀጥሎ አፍ አስከፍቼ አያለሁ። ምላስና ላንቃ ላይ ነጭ ሽፋን ካለ መዋጥ ያማል፤ እሱ ሳይታከም ፓኬት ማሸከም ዋጋ የለውም። ሳልና የሌሊት ላብ ካለ የቲቢ ምርመራ ይቀድማል።

አንዱ ፓኬት 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ ነው። ፓኬቱ እያለቀ ኪሎው አልነቃነቅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ባዶውን መልሱ ማለት አልጠቀመኝም፤ ፓኬት ማንም ባዶ ያደርገዋል። «ልጆቹ እያዩኝ እንዴት ብቻዬን ልብላ?» ላለች እናት «መድኃኒት ነው፣ አታካፍይ» ማለት መልስ አይሆንም። ለሦስት ከተካፈለ ለእሷ 170 ካሎሪ እንኳ አይደርሳትም። አሁን «ትናንት ስትበይው ማን ነበር አጠገብሽ?» እላለሁ። ልጆቹን አስመጥቼ ክንዳቸውን እለካለሁ፤ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ በራሱ ስም ይመዘገባል። የእናትየው ፓኬት ለእናትየው የሚተርፈው ያኔ ነው።

ጾምም አለ። ፕላምፒ ነት የወተት ዱቄት አለው፤ አልደብቅም። ሁዳዴ ሳይገባ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ እነግራለሁ። አልበላም ላለ፣ አጥሚቱ ላይ የተፈጨ ኦቾሎኒና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመር፤ ዘይቱ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አብዛኛው ውሃ ነው።

ከፋርማሲ የሚገዛ ቪታሚንን በተመለከተ፣ የምፈራው ብረትና ካልሲየምን ነው። በባዶ ሆድ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ከዶሉቴግራቪር ጋር ከተዋጡ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ወይ ሁለቱም ከምግብ ጋር አብረው ይወሰዱ፣ ወይ ዶሉቴግራቪሩ 2 ሰዓት ቀድሞ አለዚያም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ይህን በቃል ነግሬ አልተውም፤ ካርዱ ጀርባ ላይ «ብረት ምሳ ላይ፣ ዶሉቴግራቪር ማታ 2 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ።