የጥምቀትን ቪዲዮ ጥራቱን ሳያጣ ወደ ዩቲዩብ ለመጫን

የዘንድሮውን የጥምቀት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ከጫንኩ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው። ጃን ሜዳ ላይ ጸበሉ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ ውሃው ክር ክር ሆኖ ተለይቶ ይታያል፤ ከኋላ የቆሙት እናቶች የለበሱት ነጠላም ጥለቱ አልጠፋም። ቀደም ሲል በጫንኳቸው ቪዲዮዎች ይኸው ቦታ ግራጫ አራት ማዕዘኖች የሚተራመሱበት ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል። ደስታው ሳይበርድ የሄድኩበትን መንገድ ላካፍላችሁ፤ በተለይ የበዓል፣ የሠርግና የውዝዋዜ ቪዲዮ የምታዘጋጁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። ቅንብር የጀመርኩት በስልክ ነው፤ አሁን የምሠራው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የኮምፒውተር ማቀናበሪያ ነው። ነጻው እትም እስከ 4ኬ ጥራት ድረስ ስለሚያወጣ ለጀማሪ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የፋይሉ ዓይነትም ብዙ አያከራክርም፦ ኤምፒ4፣ ምስሉ ኤች.264 በተባለው መጭመቂያ፣ ድምፁ ኤኤሲ በተባለው፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ስቴሪዮ ከሆነ 384 ኪሎቢት በሰከንድ። ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ይህንን ነው። የከበሮው ምት ድምፁን እንዳያሰነጥቀው ከፍተኛውን ጫፍ ከዜሮ አንድ ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ። ዩቲዩብ ከልክ በላይ የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ዝግ ብሎ የመጣውን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ድምፁ ደካማ የሆነ ቪዲዮ ደካማ እንደሆነ ይቀራል።

አሁን ወደ ውሃው እንሂድ።

ምስል ተበላሸብኝ ላለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበውን የመረጃ መጠን) ከፍ አድርገው»። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ተመልካቹ የሚያየው እኛ የላክነውን ፋይል አይደለም፤ ዩቲዩብ ተቀብሎ ለየጥራት ደረጃው እንደገና የጨመቀውን ነው። 50 ሜጋቢት በሰከንድ ብንልክለት እንኳ በሁለተኛው ጭመቃ ምን ያህል እንደሚተርፍልን የሚወስነው እሱ ነው። ጭመቃው ደግሞ በአብዛኛው የሚመዘግበው ከአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱ) ወደ ሌላው የተለወጠውን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ሲቀርብለት ግድግዳውና ጠረጴዛው ስለማይንቀሳቀሱ ያለውን አቅም ለፊቱ ያውለዋል። ጃን ሜዳ ላይ ግን ባለበት የሚቆይ ነገር የለም። የውሃው ጠብታ በየፍሬሙ ቦታ ይለውጣል፣ ነጠላው ይወዛወዛል፣ የዣንጥላው የወርቅ ዘርፍ ይርገበገባል፣ ጽናጽሉ ያብለጨልጫል፣ ካሜራ የያዘውም ሰው ይገፋል። ለዚህ ሁሉ የሚዳረስ ቢት ስለሌለ መጀመሪያ የሚጠፋው ረቂቁ ነገር ነው፤ የነጠላው ሽመናና የጥለቱ መስመር ይሄዳሉ። እስክስታም ላይ ያው ነው፤ ትከሻው ሲፈጥን ቀሚሱ ላይ ያለው ጥልፍ ይሟሟል።

እንግዲህ ዝግጅት ማለት ሁለተኛውን ጭመቃ ማቅለል ነው። ይህን ሐሳብ ከያዝኩ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ተቀየረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ፋይሉን ከምናወጣበት የኤክስፖርት መስኮት ሳይሆን ከሻተሩ ነው፤ ሻተር ማለት ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ነው። የጥር የረፋድ ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነች ካሜራው በራሱ ፈቃድ ሲተው ሻተሩን አንድ ሺህኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያፈጥነዋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጠብታ ጠርዙ የሰላ ነጥብ ሆኖ ይቀረጻል፤ በሚቀጥለው ፍሬም ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። ለመጭመቂያው ከዚህ የከፋ ነገር የለም። አሁን ሌንሱ ላይ ኤንዲ የሚባለውን ጥቁር ማጣሪያ አስሬ ብርሃኑን እቀንስና ለሕዝቡና ለውዝዋዜው 1/50፣ ለውሃው 1/100 ሰከንድ እጠቀማለሁ። ጠብታው አጭር መስመር እየሳለ ይወርዳል። ለዐይንም የሚቀርበው ይኸው ነው፤ ፋይሉም ይቀለዋል። ካሜራ ለመቀየር ገንዘብ የምታጠራቅሙ ካላችሁ አስቀድማችሁ ይህንን ማጣሪያ ግዙ። በፀሐይ ላይ በፈጣን ሻተር የተቀረጸ 4ኬ፣ በትክክለኛ ሻተር ከተቀረጸ 1080 (ከ4ኬ ያነሰ ጥራት) ይልቅ ዩቲዩብ ላይ አስቀያሚ ሆኖ አይቼዋለሁ።

በዚያው የፍሬም ብዛቱንም ላንሳው። ስልኮች ሲመጡ በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ተስተካክለው ነው። የአገራችን መብራት ግን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ አዳራሽ ውስጥ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሻተር ስትቀርጹ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች የሚሄደው ለዚህ ነው። በ25 ፍሬምና በ1/50 ሻተር ችግሩ ይወገዳል። የሠርግ አዳራሽ ለምትቀርጹ ይህ የግድ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ጠላት በምስሉ የጥላ ክፍል ውስጥ የሚንቀጠቀጠው፣ ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው ብናኝ (ኖይዝ) ነው። ብናኙ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ዋጋ የሌለው ነገር ቢቱን ይበላዋል። እኔ በሃንድብሬክ እጠርገዋለሁ። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ ማጣሪያዎቹ ውስጥ ኤንኤልሚንስ የሚለውን እመርጥና ጥንካሬውን አልትራላይት ላይ አደርገዋለሁ። ከዚያ ከፍ ሲል ፊት ላስቲክ ይመስላል፤ ነጠላውም ሽመናው ጠፍቶ እንደ ወረቀት ይሆናል። ኮምፒውተሩ በጣም ይዘገያል፤ ማታ አስጀምሬው ነው የምተኛው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚጠራጠረው ነው፤ ምስሉ በ1080 የተቀረጸ ቢሆንም በ1440 አድርጌ አወጣዋለሁ። መስፋቱ በራሱ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም። ጥቅሙ ዩቲዩብ 1440 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ቪዲዮ ቪፒ9 የተባለውን የተሻለ መጭመቂያ መጠቀሙ ነው፤ እንደ እኔ ያለ አነስተኛ ቻናል ግን በ1080 ሲጭን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አሮጌው ኤቪሲ (የኤች.264 ሌላ ስሙ) ነው። ቪፒ9 ከወጣልን በ1080 ወይም በ480 የሚመለከተውም ሰው ይጠቀማል። ለማረጋገጥ በኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር የቴክኒክ መረጃውን ክፈቱ፤ ኮዴክ ከሚለው ጎን ቪፒ09 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተሳክቷል። ወዲያው ላይታይ ይችላል። ዩቲዩብ መጀመሪያ የሚያወጣው ዝቅተኛውን ጥራት ነው፤ ከፍተኛው ኋላ ይመጣል። ለዚህም ነው ቪዲዮውን መጀመሪያ የግል አድርጌ የምጭነው። ገና በ360 ላይ ያለ ቪዲዮ አሜሪካ ላለ ዘመድ ሊንኩ ተልኮለት በትልቅ ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲያየው፣ የመጀመሪያ ግምቱ በኋላ አይታረምም።

የፋይሉ ክብደት ያሳስባችኋል፤ ልክ ናችሁ። ዩቲዩብ ለ1440 በ25 ፍሬም የሚመክረው 16 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሜጋቢቱን በሰከንዱ ብዛት አባዙና ለ8 አካፍሉ። አሥር ደቂቃ በ16 ሜጋቢት 1,200 ሜጋባይት ይሆናል። እኔ ውሃና ውዝዋዜ ላለበት 25 ሜጋቢት አደርገዋለሁ፤ ይኸው አሥር ደቂቃ ወደ 1.9 ጊጋባይት ይጠጋል። ንግግር ብቻ ለሆነ ቪዲዮ ይህን ያህል ዳታ ማባከን ተገቢ አይመስለኝም፤ እዚያ 1080 በ8 ሜጋቢት ይበቃል። መብራት ወይም ኔትወርክ በመሀል ቢቋረጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሳችሁ ያንኑ ፋይል ስትመርጡ ከቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ጭነቱ እስኪያልቅ ፋይሉን አትሰርዙት፣ ስሙንም አትቀይሩት።

የሚያናድደኝን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጓደኞቻችን የቀረጹትን በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ይልኩልናል። ያን ጊዜ ምስሉ እኛ ጋ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ተጨምቋል፤ በቅንብር ሁለት፣ በዩቲዩብ ሦስት ይሆናል። እባካችሁ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ። እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ያደርሰዋል። ኤችዲአር (የብርሃኑንና የጥላውን ልዩነት አስፍቶ የሚይዝ አቀራረጽ) የሚቀርጽ ስልክ ያላችሁም ለበዓል ቀን ኤችዲአሩን አጥፉት፤ በተለመደው ቅንብር ውስጥ ሲገባ ነጭ ልብስ ሁሉ ያንጸባርቅና ዝርዝሩን ያጣል። የስልክ ቪዲዮ የፍሬሙ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ስለሚልም ረዘም ያለ ቀረጻ ላይ ዝማሬው ከከንፈሩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ወደ ቅንብር ከመግባቱ በፊት በሃንድብሬክ የፍሬሙን ፍጥነት ቋሚ አድርጎ ማውጣት መፍትሔው ነው።

የከተራ ማታ ቀረጻዬ ግን ገና የምፈልገው ደረጃ ላይ አልደረሰም። ጧፍ ከያዙት ምእመናን በላይ ያለው ጨለማ ሰማይ ዩቲዩብ ላይ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይቆራረጣል። ብናኙን ከጠረግኩት ደረጃው ይብሳል፤ ከተውኩት ደግሞ ቢቱን ይበላል። አሁን የምሠራው ጥላውን ትንሽ ወደ ሙሉ ጥቁር ማውረድ፣ ከዚያ በቅንብሩ መጨረሻ በጣም ስስ ብናኝ መልሶ መጨመር ነው። ከበፊቱ ተሻሽሏል። ከእናንተ የማታ ጉዞ በጧፍ ብርሃን የሚቀርጽ ካለ የሻተሩንና የአይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚለካውን) ቁጥር ይጻፍልኝ፤ የሚቀጥለው ከተራ ሳይደርስ ልሞክረው እፈልጋለሁ።