ነጠፈ ወይስ አለቀ?

የውሃ ፈረቃችን ትናንት ሌሊት ነበር፤ ተኝቼ አሳለፍኩት። ጠዋት ቧንቧውን ስከፍተው ሁለቴ ሳል ሳል አለና ዝም። "ውሃው ነጠፈ" አልኩ ለራሴ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ አልለቅ አለኝ።

ሰው እኮ እንደዚያ አይልም። ብሎኩ በሙሉ "ውሃ ሄደች" ነው የሚለው። መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንደ እንግዳ። የሚያልቀው ሽሮ ነው፣ ካርድ ነው፣ ደሞዝ ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። "የምትነጥፍ ላም ናት" አለችኝ። መውለጃዋ ሲቃረብ ወተቷ ይነጥፋል፣ ስትወልድ ይመለሳል። "አንተ ቧንቧ ታልባለህ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ምንጭም ይነጥፋል ልላት ስል ዘጋችው።

እንግዲያው ነጠፈ ውስጥ ተስፋ አለ። ተሟጠጠ ውስጥ ግን የለም። የእህቴ ልጅ ድስት ሲጠርግ አይቻለሁ። የመጨረሻዋን ቁራሽ እንጀራ በጠርዙ ዙሪያ ያዞራታል፣ የተጣበቀችውን ሽሮ ሳይቀር። ሙጥጥ! ዜና ላይ "የተፈጥሮ ሀብት እየተሟጠጠ ነው" ሲሉ የሚታየኝ ያ ድስት ነው። ደን ደግሞ ይመናመናል፣ እንደኔ ፀጉር።

ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ በዋናነት የምትጠጣው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እነሱ ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደሉም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ታዲያ ላም ነው ወይስ ድስት? ክረምት ሲዘንብ ወደ ታች ሰርጎ ይተካል፤ ላም ነው እንበል። እኛ ግን ላዩን ኮብልስቶንና ሲሚንቶ እያነጠፍንበት ነው። ማንጠፍና መንጠፍ እንዲህ ጎረቤት መሆናቸውን እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም ነበር። መንገዳችን ሲነጠፍ እልል ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ይሄን ስጽፍ ውሃ የሚሸጠው ልጅ ከታች ተጣርቶ ነበር። "መጣሁ!" ብዬዋለሁ። አንድ አንቀጽ ልጨርስ ብዬ እንጂ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዤ ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ ባጃጁን እያስነሳ ነው።

"አለቀ፣ ጋሼ።"

ነጠፈ አላለም፣ ተሟጠጠ አላለም። ባዶ ጄሪካኖቼን እያንኳኳሁ ተመልሼ ወጣሁ። ውሃውንስ ተዉት። ግን ጋሼ ያለኝ ለምንድን ነው?