የተመለሰ ፍሬን አትመኑ

ድሮ መኪና የሚወድ ሰው ስለ ሞተር ማውራት አይሰለቸውም። ስለ ካርቡሬተር፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ኦርጅናል መብራት ሲወራ ይመሻል። ስለ ፍሬን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። በተለይ ደግሞ ድንገት ጠፍቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ደህና ስለሚሆን ፍሬን።

የእኔ መኪና የ1964 ሞዴል ቮልስ ናት (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው ያላት፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት ነው፣ ሸራ የሚባለው ከውስጥ ተጭኖ እያሸ ያቆመዋል። የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ማስተር ሲሊንደር ለአራቱም ጎማ ዘይት ይገፋል። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም የአንዱ ጎማ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ክፉኛ ቢያፈስ ግፊቱ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። አራቱም አብረው ይጠፋሉ። በኋላ የመጡት መኪናዎች መስመራቸው ለሁለት ስለተከፈለ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። አሜሪካ ይህን ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ ያደረገችው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ካላችሁ ስንት መስመር እንዳለው እወቁ። ከማስተር ሲሊንደሩ የሚወጡትን ቱቦዎች እየተከተላችሁ ብታዩ ይገባችኋል።

ጓደኛዬም እንደኔ የቮልስ ሰው ነው። አንድ ቀን በእሱ መኪና ረጅም ቁልቁለት እየወረድን ነበር። ወሬ ላይ ነን። መሃል ላይ ዝም አለና "ፍሬኑ ገባ" አለኝ፤ ፔዳሉ ሳይዝ ወደ ታች ሰመጠ ማለቱ ነው። ደጋግሞ ረገጠው። ያዝ ያደርግና መልሶ ይለቃል። ማርሹን ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት አወረደው። ሞተሩ ጮኸ፤ ፍጥነታችን ግን ቀነሰ። የእጅ ፍሬኑ ያለው በሁለታችን መሃል ነው። ከፊታችን መታጠፊያ ስለነበር እሱ መሪውን መልቀቅ አልፈለገም። "አንተ ሳበው፣ ቀስ ብለህ" አለኝ።

ጫፉ ላይ ያለውን መጫኛ በአውራ ጣቴ እንደተጫንኩ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ አደረግኩ። ይህን መጫኛ ይዞ መሳብ ትልቅ ነገር ነው። ከለቀቃችሁት ጥርሱ ይነክስና የኋላ ጎማዎቹ እንደተቆለፉ ይቀራሉ። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል። ሞተሯ ከኋላ የሆነ መኪና ደግሞ ኋላዋ ከከዳት መመለስ ከባድ ነው። ደግነቱ ከመታጠፊያው በኋላ ሰፋ ያለ ጠጠር ቦታ አገኘንና እዚያ ቆምን። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባን። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አካባቢውን ሞልቶት ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠው። ድርቅ ብሎ ቆመለት። "ይኸው፣ ተመለሰ። እንሂድ" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ተከራከርን። በመጨረሻ መኪናዋ ተጭና ሄደች።

ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ከላስቲክ ቱቦውም፣ ከክዳኑም በኩል ቀስ በቀስ ውሃ ይገባዋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ታምቡሩ ሲግል ሙቀቱ ሸራውን ወደሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ይሄዳል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ውስጡ ትነት ይፈጠራል። ዘይት ሲገፉት ግፊቱን ያስተላልፋል። ትነት ግን ይታመቃል። እናንተ ፔዳሉን ስትረግጡ የምታምቁት ትነቱን ነው፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። ሲቀዘቅዝ ትነቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፔዳሉም ይጠነክራል። ጠብታ ዘይት አልፈሰሰም፣ የተሰበረ ነገር የለም። ጋራዥ ስትወስዱት መካኒኩ ረግጦት "ምንም የለውም" ቢላችሁ አትፍረዱበት። በዚያ ሰዓት በእርግጥም ምንም የለውም። ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ ግን ያው ዘይት ያው ቦታ ነው ያለው።

ታምቡሩ ለምን እንደዚያ እንደጋለ ያገኘነው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጓደኛዬ ፔዳሉ ዝቅ ብሏል ብሎ አንድ ጋራዥ ወስዶት ነበር። ፔዳል ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ሸራው ነው። ሸራ ሲያልቅ ከታምቡሩ ይርቃል፤ እያንዳንዱን ጎማ አንስቶ በካቻቪቴ ማጥበቅ፣ ከዚያ ጎማው ነፃ ሆኖ እስኪዞር መለስ ማድረግ ነው ሥራው። ጊዜ ይወስዳል። እነሱ ግን ከፔዳሉ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ የሚሄደውን ዘንግ አስረዘሙት። ፔዳሉ ከፍ አለ፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ሄደ።

በዚያ ዘንግና በፒስተኑ መካከል ግን ክፍተት መኖር አለበት። በቮልስ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ ከሌለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳም እንደተደፈነች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ሸራውን ራሱ ይገፋዋል። ሸራው ሲያሽ ሙቀቱ ይጨምራል። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ሳይኖር ፍሬኑ ራሱን እየያዘ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። ፔዳል ሲስተካከል በጣት ገፋ አድርጋችሁ ያቺን ትንሽ ነፃ እንቅስቃሴ ፈልጓት። ከሌለች ከጋራዡ አትውጡ።

ሌላም ዓይነት አለ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። ይህ ዘይቱን አይመለከትም፤ ሸራው ራሱ ግሎ መያዝ አቅቶት ነው። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉን ማርገብገብ አይጠቅምም፤ ማርሽና የእጅ ፍሬን ነው ያላችሁ። ከጎርፍ ወይም ከውሃ ከወጣችሁ በኋላም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማችኋል። ያኔ ግን ቀስ እያላችሁ ፔዳሉን ትንሽ ያዝ አድርጋችሁ ብትሄዱ ሸራው ይደርቃል።

ፔዳሉ ከገባ ግን ቶሎ ቶሎ ርገጡት፤ ሸራው የራቀ ወይም አየር ያለበት ከሆነ ግፊት ሊሰበሰብ ይችላል። በዚያው ቅጽበት ማርሽ ቀንሱ፣ አንድ በአንድ። ወደ ፍሪ በጭራሽ። ሞተሩንም አታጥፉ፤ መሪ የሚቆልፍ ቁልፍ ያለው መኪና ላይ ቁልፉን መንቀል መሪውን ያሳጣችኋል። በብዙ ድሮ መኪናዎች አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ፍጥነቱን አመሳስሎ ማርሹን የሚያስገባው ክፍል) ስለሌለው መኪናው እየሮጠ አይገባም። ልታስገቡ ስትታገሉ ፍሪ ላይ ትቀራላችሁ። ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ፍሪ፣ ለቆ ነዳጅ መስጠት፣ ደግሞ ረግጦ ማስገባትን ሜዳ ላይ ተለማመዱት። ክላክስ አትርሱ። ዳገት፣ ለስላሳ አፈር፣ ቁጥቋጦ ካለ እዚያ ግቡ፤ የመኪና አካል ይጠገናል።

የእጅ ፍሬን በሽቦ የሚሠራ ስለሆነ ዘይቱ ቢያልቅም ይሠራል። ባለ አንድ መስመር መኪና ላይ ያላችሁ ሁለተኛ ፍሬን እሱ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየሄዳችሁ፣ በእሱ ብቻ አቁሙት። ካላቆመ መኪናውን አታስወጡ። ላንድሮቨር ሲሪስ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ የተለየ ነው። የሚይዘው ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ እየሄዱ መሳብ ዕቃ ይሰብራል፤ ለጭንቅ ጊዜ ብቻ ተዉት።

እኔ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይራለሁ። የላስቲክ ቱቦዎቹ ላያቸው ደህና ቢመስልም ውስጣቸው አብጦ ዘይት እንዳይመለስ ያግዳል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ካላወቅኩ እለውጣቸዋለሁ። አየር ስናስወጣ ፔዳሉ ሥር እንጨት አደርጋለሁ። አሮጌ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ጎሚኒው የማይደርስበት ቦታ ዝገት አለው፤ እስከ ወለል ከተረገጠ ያ ዝገት ጎሚኒውን ይቀደዋል። ታምቡር ስትከፍቱ ደግሞ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በውሃ አርጥቡና በጨርቅ ጥረጉ።

ኦርጅናል ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። በቀለምና በወንበር እስማማለሁ። በፍሬን ግን አልስማማም። ለቮልስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር የድሮዎቹ ላይ እንዲገጠም የሚሸጥ ዕቃ አለው። ተጨማሪ ቱቦና ባለ ሁለት ክፍል የዘይት ማጠራቀሚያ ይፈልጋል። የጓደኛዬ መኪና ተለውጣለች። የእኔ ዕቃ ተገዝቶ ተቀምጧል። አዲስ ቱቦዎቹ ታጥፈው እንዳለቁ እናስገባዋለን።