በጠቋሚው ጣቢያ ላይ የተሳፈረው ሙዚቃ

የአውሮፕላን አቅጣጫ ጠቋሚ ጣቢያ የሚያሰማው ነገር የታወቀ ነው፤ መለያውን በሞርስ ይደጋግማል፣ በመሃል ዝም ይላል። አንድ ምሽት ግን ከ472 ኪሎ ኸርትዝ የአማተር ራዲዮ ባንድ ዝቅ ብሎ የሚሠራ አንድ ጠቋሚ ጣቢያ ሳዳምጥ፣ በዝምታው መሃል የከበሮ ምትና የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ከበሮው ጎልቶ ይሰማል፤ ንግግሩ ግን ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው የታፈነ ነበር። ፕሮግራሙን ለየሁት፤ በረጅም ሞገድ የሚያሰራጭ የአንድ ኃይለኛ ጣቢያ ነው። የሁለቱ ሞገዶች ፍሪኩዌንሲ ፈጽሞ አይቀራረብም።

ወዲያው ትዝ ያለኝ የሉክሰምበርግ ክስተት ነው። ፔንቶድ የተባለውን የራዲዮ አምፖል የፈለሰፈው በርናርድ ቴሌገን እ.ኤ.አ. በ1933 ኔዘርላንድስ ውስጥ የስዊዘርላንዱን የቤሮሙንስተር ጣቢያ ሲያዳምጥ፣ ከሥሩ ራዲዮ ሉክሰምበርግን ሰማ። ሉክሰምበርግ በሞገዱ መንገድ ላይ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ፊዚሲስቶቹ ቤይሊና ማርቲን ምክንያቱን አስረዱ። ኃይለኛው ሞገድ በአዮኖስፌር (የራዲዮ ሞገድን ወደ ምድር በሚመልሰው የላይኛው አየር) የታችኛው ክፍል ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያሞቃል፤ የሞቁት ኤሌክትሮኖች ከአየሩ ሞለኪውሎች ጋር አዘውትረው ይጋጫሉ፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው ሌላ ሞገድ የሚዋጥበት መጠንም ሙዚቃውን ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል። ሙዚቃው እዚያው ሰማይ ላይ ይሳፈርበታል ማለት ነው።

ይህን ክስተት በራሴ ጆሮ ለመስማት ለዓመታት ስመኝ ስለነበር፣ ያን ሌሊት ሳላመነታ መዝገቤ ላይ «ሉክሰምበርግ» ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቼ ነበር።

በማግሥቱ ምሽት በአንቴናውና በመቀበያው መካከል የ10 ዲሲቤል ማዳከሚያ አስገባሁ። መቀበያው ራሱ ተጨናንቆ ሁለቱን ጣቢያዎች የሚያደባልቅ ከሆነ፣ በጠቋሚው ላይ ያለው ሙዚቃ ከጠቋሚው አንጻር ወደ 20 ዲሲቤል ይወርዳል፤ ከውጭ ተደባልቆ የመጣ ከሆነ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አይነካም። ሙዚቃው ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ጥፋቱ የቅድመ ማጉያዬ ነበር። ማጉያውን አንስቼ፣ የረጅም ሞገዱን ጣቢያ የሚያግድ ማጣሪያ ሠርቼ አስገባሁ።

አሁንም ግን ቀጭን ቅሪት ይሰማ ነበር፤ ይህኛውን ማዳከሚያው አልነካውም። ልቤ ዘለለ። ሆኖም ቀትር ላይ ስከፍተው እዚያው አገኘሁት። የሉክሰምበርግ ክስተት በአብዛኛው የሌሊት ነገር ነው፤ ጠቋሚው በቀን የሚደርሰኝ ምድርን ታክኮ በሚመጣው ሞገድ ስለሆነ ሰማዩን ልወቅስ አልችልም። ትንሽ የእጅ ራዲዮ ይዤ በግቢው ዞርኩ። በሽቦው አጥር ሦስተኛ ቋሚ አጠገብ ሙዚቃው ደመቀ። ሁለት ሽቦዎች የሚነካኩበት ቦታ ዝጎ ቡናማ ቅርፊት አውጥቷል፤ ሽቦውን ስነቀንቀው ሙዚቃው እየተንኮሻኮሸ ይቆራረጥ ጀመር። የዛገ መገጣጠሚያ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፈው ዳዮድ ይሠራል፤ ሁለቱን ሞገዶች ተቀብሎ፣ ደባልቆ መልሶ ይረጫል። በመካከላቸው የጎማ ቁራጭ አስገብቼ ለያየኋቸው። ቀትሩ ጸጥ አለ።

ይህን ሁሉ ካጸዳሁ በኋላ ፀሐይ ጠልቃ ሲጨልም ድምፁ ተመለሰ። ከፊተኞቹ ሁሉ ደካማ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ይፈልጋል። የዚህን ጊዜ መዝገቡን አልነካሁም፤ መጀመሪያ ካርታ ዘረጋሁ። ከጠቋሚው እስከ እኔ መስመር ሳሰምር፣ ኃይለኛው ጣቢያ ከመስመሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይገኛል። ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ፣ በጥንካሬው የሚመሳሰል ሌላ ጠቋሚ ደግሞ አዳመጥኩ፤ ንጹሕ ነው። የመቀበያው ችግር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ላይ በተሰማ ነበር። የቀለበት ቅርጽ ያለውን ሉፕ አንቴናዬን እያዞርኩ ኃይለኛውን ጣቢያ አዳከምኩት። ሌሊት ሞገዱ ከላይም ስለሚወርድ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ቢሆንም በጠቋሚው ላይ ያለው ሙዚቃ ከጠቋሚው ጋር ያለው ምጣኔ አልተለወጠም።

ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን የድምፁ ቀለም ነው። ፕሮግራሙን በቀጥታም በጠቋሚው ላይም በአንድ ጊዜ ቀድቼ ጎን ለጎን ሰማኋቸው። በቀጥታው ቅጂ «ስ» እና «ሽ» ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ በጠቋሚው ላይ ግን የሉም፤ የቀረው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖች ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ስለሚወስድባቸው ፈጣኑን ንዝረት መከተል ያቅታቸዋል፤ ዝግ ያለውን ከበሮ ግን ይከተሉታል። መጀመሪያ ምሽት የሰማሁት መታፈን በሌላ ምክንያት የመጣ ስለነበር፣ ይህንን ማነጻጸሪያ ከሌሎቹ ፈተናዎች ለይቼ አልተማመንበትም።

መዝገቤ ላይ «ሉክሰምበርግ» የሚለውን እንደገና የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሰማይ ላይ የተሳፈረውን ሙዚቃ፣ የተሳፈረበትን ሞገድ ሳይነካ የሚያወርድ አንቴናም ሆነ የተሻለ መቀበያ የለም። በ472 ላይ ሞርስ ስቀበል ግን አያስቸግረኝም፤ የማጣሪያውን ስፋት ወደ 50 ኸርትዝ ሳጠብበው ከበሮውም ንግግሩም ከሞላ ጎደል ውጭ ይቀራሉ። ሙዚቃውን መስማት ስፈልግ ማጣሪያውን አሰፋዋለሁ።